የፋንታ ሸራ ወንበር

ፋንታ በቢቸና ድግስ ሁሉ የታወቀ ቦታ ነበረው፤ በሩ ሥር። ብርድ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ወጥ ሲዞር መጨረሻ የሚደርሰው ለእሱ ነው። አንድ አጋሰስ ነጂ ከዚህ በላይ ምን ይሻል? እሱ ግን ይሻ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ከትልልቆቹ በላይ መቀመጥ።

ፈረንጆች ሲኒማ ሊያነሱ ሞጣ በመጡ ጊዜ ጓዛቸውን የጫነላቸው ፋንታ ነው። አለቃቸው በሚታጠፍ የሸራ ወንበር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ሌላው ይሮጣል። ፋንታ ሹመት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሲሄዱ ወንበሩን ሰጡት።

ከዚያ ወዲያ ወንበሩን በትከሻው ሳያነግት ድግስ አልሄደም። በመጀመሪያው ሠርግ ከመደቡ ፊት ለፊት ዘርግቶ ተቀመጠ። መደቡ ላይ የነበሩት ቀኛዝማች ኃይለ ሚካኤል ቀና ብለው ሊያዩት ግድ ሆነ።

«አንተ ፋንታ፣ የማን ቦታ ነው የያዝከው?»

«የማንንም አልነካሁ ጌታዬ። ቦታዬን ይዤ ነው የመጣሁ።»

አገር ታወከ። አንበጣ የመጣ ዓመት ያልተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ስለ አንድ ክንድ ሸራ ተሰበሰቡ። ቀኛዝማችም ፈረዱ፦ «ወንበሩ የትም ቤት ይግባ። ቦታው ግን በሩ ሥር ነው፤ ማንም ይቀመጥበት ማን!» በየድግሱ ሰው የሚያስቀምጠው አጋፋሪ መንግስቴ ፍርዱን እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው።

«እሰይ የኔ ሹም!» አለች የፋንታ ሚስት ይርጋነሽ። «ድሮም በሩ ሥር ነበርክ፤ አሁን እዚያው ከፍ አልክ።» ሸራው ሲቀደድ የሰፋችውም እሷ ናት።

በክረምቱ ይርጋነሽ ታመመች። መስቀልን አላየችም።

ሐዘንተኛ መሬት ነው የሚቀመጠው። ፋንታም ከቤቱ ላይኛው ወገን፣ ከጓዳው አጠገብ፣ ሣር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ታጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ቀኛዝማች ሊያለቅሱ መጡ። ጉልበታቸው መሬት አይወርድም፤ መደቡን ቄሶች ሞልተውታል፤ ቄስ አስነስቶ መቀመጥ ደግሞ ነውር ነው።

«እስቲ ያን ወንበር» አሉ።

መንግስቴ አነሳና በሩ ሥር ወስዶ ዘረጋው።

«ምነው እዚያ?»

«ፍርድ አለ ጌታዬ።»

«የምን ፍርድ? የማን?»

«የእርስዎ።»

ቀኛዝማች ተቀመጡ። የበሩ ንፋስ ካባቸውን ያነሳው ጀመር። ፋንታ ከላይኛው ወገን ሆኖ አያቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን እንደሚነግር ያውቃል። «ይርጌ፣ እያቸው እስቲ» ሊል ወደ ጓዳው ዞረ።