ሹካው የሚሉት መምህር

ተማሪዎቹ «ሹካው» ይሉታል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሆዱን የሚወድ ይመስለዋል። ስሙ የወጣለት ግን የመዘምራን መሪዎች ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው ከሚያስጠጓት፣ «ላ» የሚባለውን ትክክለኛ የዜማ ድምፅ ከምትሰጣቸው ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው። እሱ እሷን ይዞ አያውቅም። መዘምራኑ ፊት ይቆምና ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ፣ ለሶፕራኖው፣ ለአልቶው፣ ለቴነሩና ለቤዙ መነሻ ድምፃቸውን ከራሱ ያወጣላቸዋል። ስቶ አያውቅም።

ያደገው እዚያው ትንሹ የሉተራን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከመምህራን መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቱ ነገረ መለኮት ያስተምሩ ነበር፤ ከእራት በፊት ቤተሰቡን ሰብስበው ያዘምራሉ። ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ የጸሎት ቤቱ ደወል «ላ» እንደሚል፣ የጎረቤት በር ሲጢጥ ሲል «ሚ» ላይ እንደሚጀምር ይናገር ነበር። እናቱ «ይሄ ልጅ በሩንም አስዘመረው» እያሉ ይስቁበታል። ለእሱ እያንዳንዱ መዝሙር የራሱ ስፍራ ነበረው። አባቱ ያስተማሩትን መዝሙር ሌላ ሰው ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሲያዜመው፣ የአባቱን ኮት መንገድ ላይ ሌላ ሰው ለብሶት ያየ ያህል ይከፋው ነበር።

እዚያው ተማረ፣ እዚያው አስተማሪ ሆነ፣ የጸሎት ቤቱን ኦርጋን የምትጫወተውንም ሴት እዚያው አገባ። የሙዚቃ ክፍሉ ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ መዘምራኑ ውስጥ ግን ሒሳብ አያያዝ የሚያጠናውም፣ ነርስነት የሚማረውም አለ። ለአዲስ ገቢዎች ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው። «አፍ ሁላችሁም አላችሁ። እዚህ የምንማረው መስማት ነው።»

ስልሳን ባለፈበት ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ እንደ ወትሮው ድምፅ ሰጠ። መዘምራኑ ያለ ኦርጋን ጀመሩ። ኦርጋኑ ሲገባ ግን የእሱና የመዘምራኑ ድምፅ ተጋጩ፤ ልጆቹ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ኦርጋኑን ማን ነካው?» አለ።

«ማንም አልነካውም» አለች ሚስቱ ከላይ፣ ከኦርጋኑ ፊት።

«ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል።»

የኦርጋን ጠጋኙ መጣ፣ ለካ፣ ምንም አላገኘም። እሱ ወደ ቤቱ ሄዶ ፒያኖውን ሞከረ፤ ከፍ ብሏል። ወደ ሙዚቃ ክፍሉ ምድር ቤት ወርዶ የመለማመጃ ክፍሎቹን ፒያኖዎች አንድ በአንድ ሞከረ፤ ሁሉም ከፍ ብለዋል። የመጨረሻውን ከድኖ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሚስቱ ፈልጋ ስታገኘው፣ «ይሄ ሁሉ ፒያኖ ተማክሮ ከፍ አይልም» አላት። «እኔ ነኝ።»

የጆሮ ሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጋ መረመረችው። «የመስማት ችግር የለብዎትም አባቴ። በዕድሜዎ እንዲህ የሚሰማ ብዙ የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንደ እርስዎ ድምፁን ያለ መለኪያ የሚለዩ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ሲገፋ ይዛነፍባቸዋል፤ ሁሉም ድምፅ ከልኩ ከፍ ብሎ ይሰማቸዋል። መድኃኒት የለውም።»

«ሌላው ሰውስ?»

«ሌላው መጀመሪያውኑ ስለሌለው አይጎድልበትም» አለች።

ሹካ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ደበቀ። አንዱ የቤዝ ዘማሪ አየውና «ሹካው ሹካ ያዘ» የምትለው ቀልድ ግቢውን አዳረሰች። ክፋት አልነበረባትም፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሹካዋ ግን አልጠቀመችውም። እሷም እንደ ሌላው ሁሉ ከፍ ብላ ነው የምትሰማው። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አንድ ድምፅ ያነባል፣ ጆሮው ሌላ ያመጣለታል፤ በመሃል እያሰላ እጁን ሲያወዛውዝ ጊዜው ያልፈዋል። ትክክል የዘመሩትን ማስቆም ጀመረ። አንዲት አልቶ ያንኑ መስመር ደጋግሞ ሲያስዘምራት አለቀሰች። ጓደኞቿ እርስ በርስ ተያዩ።

በሳምንቱ የድሮ ተማሪው፣ አሁን ረዳቱ የሆነችው ወጣት መምህርት ቢሮው ገባች። ቁጭ አላለችም።

«ጋሼ፣ ትናንት ሶፕራኖዎቹ ልክ ነበሩ።»

«አውቃለሁ።»

«ስህተት ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ራሱ እንደተሳሳተ ይቆጠራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሌላ ሰው እንዲነግርዎት አልፈለግኩም።»

«ደግ አደረግሽ» አላት። የመዘምራኑን ክፍል ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረላት። እሷ አላነሳችውም፤ እሱ ነው እጇ ውስጥ ያስቀመጠላት።

ዩኒቨርሲቲው የመዝሙር ታሪክ እንዲያስተምር መደበው። ክፍል ገብቶ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ያወራል፤ ምንም አያሰማቸውም። ጸሎት ቤት መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር ሸሸ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ሚስቱ ስትጠይቀው፣ «ቃሉ ያው ነው፤ ዜማው ግን የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ ያስመስለኛል። እንዴት ልጸልይበት?» አላት።

እሷ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እሱ ክፍል በሚገባበት ሰዓት የአባቱን መዝሙሮች ሁሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋ መጫወት ተለማመደች። ዕድሜ ልኳን ሌላውን የለመዱት ጣቶቿ እምቢ ቢሏትም አልተወቻቸውም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «እስቲ ቁጭ በል» አለችውና ፒያኖው ላይ ተቀመጠች።

መዝሙሩ በቦታው ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ድገሚው» አላት። ከዚያ ወዲያ ምሳ በተበላ ቁጥር ትጫወትለታለች፣ ይዘምራል። የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ፤ ከጎረቤት ጋር እንኳ መቀለድ ጀመረ። ክረምቱን እንዲህ አለፉት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መዝሙር መሃል ላይ እጇን ቀስ ብሎ ያዛት።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

«አንቺ አልተሳሳትሽም።»

ገባት፤ ጆሮው እንደገና ተዛንፏል። «ከዚህም ዝቅ ላድርገው?»

«ዝቅ ብትይ ያልፈዋል። መዝሙሩ አሁን ያለው በዚህና ከሥሩ ባለው ድምፅ መሃል ነው። እዚያ ደግሞ ፒያኖው ቁልፍ የለውም።»

ከዚያ በኋላ ሙከራ አላደረጉም። እሷ እሑድ እሑድ ኦርጋኗን ለመጫወት ብቻዋን ትሄዳለች። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች «ተሻለዎት?» ይሉታል። «ደህና ነኝ» ይላል፤ ምን እንደጎደለው ለማስረዳት ሞክሮ ሞክሮ ደክሞታል።

ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎር ልማዷ ነበር። አንድ ቀን ዞር ስትል ግንባሩን ቋጥሮ ወደ መስኮቱ ሲያይ አየችውና ማንጎራጎሯን ተወች። መተዋን እሱም ያውቃል። ቀጥይ እንዳይላት፣ ብትቀጥል ምን እንደሚሰማው ሁለቱም ያውቁታል። እሷ ሳህኑን ታለቀልቃለች፣ እሱ እየተቀበለ ያደርቃል፤ ሲጨርሱ መብራቱን ያጠፉና ወደ ሳሎን ይገባሉ።