መስከረም አንድ የተወለዱት ታካሚዎች

የሠራሁት ነገር ሲተች ዝም ብዬ የምሰማ ሰው አይደለሁም። እናቴ «አንቺ እኮ ክብሪት ነሽ» ትለኛለች፤ ልክ ናት። ያን ሰሞን ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ፣ በራሴ ተደንቄ ነው የከረምኩት።

ፎርሙን ከፍቼ ማየት ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። ሳጥኖቹ አንድ ልክ፣ ቀለሙ ለዓይን የማይከብድ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰፈር። አንዱን ባዶ ትቶ ማለፍ የለም፤ ሳጥኑ ቀይ ይሆንና ኮምፒውተሩ ጢጥ ይላል። ጢጥ የሚለው የኔ ፈጠራ ነው፤ ሰው እንዳይዘናጋ ብዬ።

በፕሮግራሙ የሚሠሩት የካርድ ክፍሉ ጋሼ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ከዚያች መስኮት ኋላ ተቀምጠው የታካሚ ካርድ ሲጽፉ፣ ሲፈልጉ፣ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኪቦርዱን በሁለት ጣት ይነኩታል እንጂ አይፈሩትም። ሁለት ቀን አሠልጥኛቸው፣ «ገብቶኛል ልጄ» ብለውኝ ተለያየን።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት የተመዘገበውን ለማየት ሄድኩ። የክሊኒኩ ባለቤት፣ ዶክተሩ፣ አጠገቤ ቆመዋል። ዝርዝሩን ከፈትኩት። አንዲት እናት፣ መስከረም አንድ የተወለዱ። ከሳቸው ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ እሳቸውም መስከረም አንድ። ወደ ታች ብወርድ ብወርድ ያው ነው። ሐዋሳ ውስጥ ጥቅምት ላይ የተወለደ አዛውንት ጠፋ።

ደሜ ፈላ። ካርድ ክፍል ገብቼ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይሄ ሁሉ ሰው ባንድ ቀን ይወለዳል? ዝም ብለው ነው እንዴ የሚሞሉት?» አልኳቸው። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዶክተሩ ቢሮ ጠርተውኝ፣ «እንግዲህ ጋሼ በዚህ ዕድሜያቸው አልሆነላቸውም ማለት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒውተር የሚችል ሰው እተካለሁ» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ነቀነቅኩ። ዛሬም ሳስበው አንገቴን ያመኛል።

አርብ ጠዋት የተበላሸውን ላርም ተመልሼ መጣሁ። ጋሼ እንደሚሰናበቱ ተነግሯቸዋል። ቢሆንም «ነይ ልጄ፣ እዚህ ይሻላል፤ እዚያ ፀሐይ ይመታሻል» ብለው ጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ምናለ በተቆጡኝ።

መጀመሪያ የገቡት ከታቦር ሰፈር የመጡ አሮጊት ናቸው። ጋሼ «ስምዎ ማን ነው?» አላሉም። «እንዴት አደሩ እናቴ» ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ፣ ሲመልሱ ጋሼም ወደዚያው ዞሩ፤ እኔም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት የለቀምኩት ነውና ተከተልኳቸው። ቤቱ ደህና ነው ወይ? ታቦር በየት በኩል ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ነው ወዲያ? ማነው ያመጣዎት? የመጀመሪያ ልጅዎ? እሱን ሲወልዱ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ እሱስ አሁን ስንት ሞላው? ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ለካ ምዝገባው ይሄው ኖሯል። ጨዋታው ሲያልቅ ጋሼ ሰፈሩንም፣ ቤተሰቡንም፣ ዕድሜውንም ይዘዋል፤ ስም የመጣው በመጨረሻ ነው። ሴትዮዋም ሰው ፊት «የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም» ብለው አላፈሩም።

ከዚያ ወደኔ ፎርም ዞሩ። ፎርሜ ስም ሳይሰጡት ወደ ሰፈር አይሄድም። ጋሼ የልጁን አርባ ስምንት በእናቱ ሃያ ላይ ደምረው ዓመቱን አወጡ። ቀኑ ላይ ሲደርሱ ጢጥ አለ። ሴትዮዋ ደንግጠው «ምን አጠፋሁ?» አሉ። ጋሼ ቶሎ ብለው መስከረም አንድን መቱበት።

«አየሽ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሰው ፊት ሲጮህብኝ ዝም እንዲልልኝ ብዬ ነው። ዓመቱ ግን ልክ ነው፤ እሱ ላይ አልቀለድኩም።»

ቀጥሎ ከባህል አዳራሽ ሰፈር አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች። ለሕፃኑ ገና ስም አልወጣለትም፤ ፎርሜ ደግሞ ያለ ስም አላስገባም አለ። ድንቄም ባለሙያ።

ዶክተሩ ቢሮ ገብቼ «ስህተቱ የጋሼ አይደለም፣ የኔ ነው» አልኩ። እቺን ለመናገር የታገልኩትን ያህል ፎርሙን ለመሥራት አልታገልኩም። ዶክተሩ ትንሽ አሰቡና «እስከ ሰኞ ጠዋት አስተካክለሽ አሳዪኝ። ካልሆነ ያልኩት ነው» አሉ።

ቅዳሜ ጋሼን ጁስ ቤት ጋብዤ የሚጠይቁትን በተራው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። አልቻሉም፤ «ሰው ሲመጣ ነው የሚመጣልኝ» አሉ። ስለዚህ እኔ ታካሚ ሆንኩ። መጀመሪያ አሮጊት፣ ቀጥዬ አራስ፣ ከዚያ እጁን መንጠቆ የወጋው ዓሣ አጥማጅ። ጋሼ ሲጠይቁ እኔ እያቃሰትኩ እመልሳለሁ፣ በዚያው እጽፋለሁ። አስተናጋጇ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች።

እሁድን ሙሉ ፎርሙን አፍርሼ ሠራሁት። ሰፈር መጀመሪያ፣ ቀጥሎ አብሮ የመጣው ሰው፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከጎኑ «በግምት» የምትል ምልክት፣ ስም በመጨረሻ። ስም ያልወጣለት በእናቱ ስም ይገባል። ከየትኛውም ሳጥን መጀመር ይቻላል። ከዚያ ጢጥታም ገላገልኳቸው።

ሰኞ ዶክተሩ እጃቸውን አጣምረው ከኋላ ቆሙ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። «እንዴት አደሩ አባቴ» አሉ ጋሼ፣ ሁለቱ ጣቶቻቸውም ጨዋታውን ተከትለው መሄድ ጀመሩ። ሰላምታው ሲያልቅ ፎርሙ ሞልቷል። ዶክተሩ ሦስት ታካሚ እስኪመዘገብ ቆመው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ወንበር ወገብዎን አያምዎትም? የተሻለ ላስመጣልዎት» አሉና ወጡ። እንደ ሕፃን መዝለል ነው ያማረኝ።

ወረፋው ሲቀል ጋሼ መሳቢያቸውን ስበው አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። «አሁን አያስፈልገኝም፤ አንቺ ቅደጂልኝ» አሉ። ሳልቀደው ከፈትኩት። የሥራ መልቀቂያ ነው፣ ካርዶቹ ላይ በማውቀው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፋቸው። የተጻፈው ሐሙስ ነው፣ ሰው ፊት የጮህኩባቸው ዕለት።

«ፕሮግራሙ ጥሩ ነው» ይላል። «የሠራችውም ልጅ ጎበዝ ናት። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»