ለሬክስ «እንካ»፣ ለቡኒ «እንኪ»

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የጀመረው በአካፋ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የግቢው ነባር ሠራተኛ ሲፎ ቱታና የጎማ ቦቲ ሰጠኝና የውሾቹን ክፍሎች አሳየኝ፤ ሰላምታው በዙሉ ነበር። «ሳውቦና፣ ወንድሜ። ሃያ ሁለት ክፍል ነው። መጀመሪያ ኩሱን ታነሳለህ፣ ቀጥሎ በውሃ ታጥባለህ፣ ስምንት ቁጥር ስትደርስ ትጸልያለህ» አለኝ። ስምንት ቁጥር ውስጥ ጥጃ የሚያክል ጥቁር ውሻ ነበር። ጸለይኩ።

ስሜ ከድር ይባላል፤ የወራቤ ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ እንደገባሁ አጎቴ ሱልጣን ዛንድስፕሩት ሰፈር ባለው ስፓዛቸው፣ ማለትም በትንሿ የሰፈር ሱቃቸው ውስጥ አስገቡኝ። ሁለት ዓመት ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ሸጥኩ። ሲፎ ደንበኛችን ነበር። አንድ ቀን ዳቦውን ሲቀበል «አለቃዬ ጉልበት ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ውሻ ትፈራለህ?» አለኝ። እፈራ ነበር። «አልፈራም» አልኩት።

አጎቴ ሲሰሙ አልወደዱትም። «ሙስሊም ሆነህ ከውሻ ጋር ልትውል? አገር ቤት ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ስፖርት ውስጥ ነው ይበሉ፣ ጋሼ» አልኳቸው። እኔ ቀልዴን ነበር። የሥራ ልብሴን እዚያው ግቢ ትቼ፣ ታጥቤ፣ ለሶላት የለየሁትን ንጹሕ ልብስ ለብሼ ነበር የምመለሰው። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ስፖርት መሆኑን ያወቅኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የግቢው ባለቤት ሚስስ ቬራ ሣሩ ላይ ቆመው ከእንጀራ ሰሃን የሚያንስ ፕላስቲክ ዲስክ ወረወሩ። አንዱ ውሻቸው ከሥሩ ሮጦ፣ አራት እግሩን ከመሬት አንስቶ፣ አየር ላይ ቀለበው። አካፋዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሲፎ «አፍህን ዝጋ፣ ዝንብ ይገባል» አለኝ።

በግቢው ማዕረግ ነበር። ከታች አካፋ ያዥ፣ ቀጥሎ አንሸራሻሪ፣ ከዚያ አሰልጣኝ፣ ከሁሉም በላይ ወርዋሪ። ወርዋሪ ማለት በውድድር ቀን ከውሻው ጋር ሜዳውን ከከበበው ገመድ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው። ሲፎ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ከገመዱ ውስጥ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ሚስስ ቬራ የስፖርቱን ታሪክ ሲያወሩ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት፣ ትልቅ የኳስ ጨዋታ መሃል፣ ከውሻው ጋር አጥር ዘሎ ሜዳ ገባ አሉኝ። ሕዝቡ ጨዋታውን ትቶ ውሻውን አየ፤ ወጣቱን ፖሊስ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ውድድር ሆነ፣ ሕግ ወጣለት፣ ባሕር ተሻግሮ እኛም ዘንድ ደረሰ። ታሪኩን ስወደው ኖሬያለሁ። ስፖርቱን የጀመረው ሳይፈቀድለት የገባ ሰው ነው።

ሥራውን ከሥር ተማርኩ። ለቡችላ ዲስክ አይወረወርም፤ እንደ ጎማ መሬት ላይ ይንከባለልለታል፤ አጥንቱ እስኪጠና አይዘልም። ጥርስ የነካው ዲስክ ጠርዙ ስለሚሾል ምላስ ይቆርጣል፤ ከልምምድ በኋላ ሁሉም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ዲስኩ ጠፍጣፋ ሆኖ መብረር አለበት። ካዘነበለ ውሻው አየር ላይ ይጠማዘዝና በኋላ እግሩ ብቻ ያርፋል፤ ያኔ ወገቡ ይጎዳል። ሚስስ ቬራ ይህን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይጠነክራል። «ውሻው ከሳተ ጥፋተኛው ወርዋሪው ነው» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አሰልጣኝ ሆንኩ፤ ሬክስ የሚባል ጥቁርና ነጭ ቡችላ ተሰጠኝ። ችግሩ ቋንቋ ነበር። እንግሊዝኛዬ ያኔ ከሱቅ አይወጣም፤ ዋጋ እናገርበታለሁ እንጂ ውሻ አላዝበትም። ስልጥኛ ደግሞ እናቴን የማናግርበት ቋንቋ ነውና አፌ እምቢ አለኝ። የቀረው አማርኛ ነው። እዚህ ከተማ ከሃድያው፣ ከወላይታው፣ ከአዲስ አበባው ጋር የምንሠራበት ቋንቋ ነው። ውሾቹም ሠራተኞች ስለሆኑ ተገቢ መሰለኝ።

ሬክስን «ና»፣ «እንካ»፣ «ልቀቅ» እያልኩ አሳደግኩት። ና ሲባል ይመጣል፣ እንካ ሲባል ዲስኩን ይቀልባል፣ ልቀቅ ሲባል ከአፉ ይጥላል። ሚስስ ቬራ ሦስቱን ቃላት መዳፋቸው ላይ ጽፈው አጠኑ። በውድድር ሜዳ ላይ ሲጮኹ ሌሎቹ ወርዋሪዎች «ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። ከገመዱ ውጪ ቆሜ ደረቴ ይነፋ ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ «ማም፣ እኔም በውድድር ልወርውር?» አልኩ።

«ሠራተኛ አይወረውርም፣ ከድር።»

«ሕጉ ይከለክላል?»

«ሕግ አይደለም። እንዲህ ነው የኖርነው» አሉኝ። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። የኖሩበት ነገር ሰፊ ስለሆነባቸው ከውጪ የቆመ ሰው መኖሩን አያዩትም። እኔ ግን ያን ቀን ተናደድኩ፤ ንዴቴን ብዙ ጊዜ ይዤው ዞርኩ።

ቡኒ የመጣችው ከአጎቴ ሱቅ ጓሮ ነው። ቀለሟ ስሟን አወጣላት። የዳቦ ፍርፋሪ እየበላች ያደገች፣ ዘሯ የማይታወቅ ቀጭን ውሻ ናት። ለአጎቴ እቃ ሳወርድ የቀለም ባልዲ ክዳን ወረወርኩ፤ እሷ ከሁለት የቆሙ ታክሲዎች መሃል ዘላ ቀለበችው። በማግስቱ ግቢ ይዣት ሄድኩ። ሚስስ ቬራ የጎድን አጥንቷን በዓይናቸው ቆጥረው «በራስህ ሰዓት ካሰለጠንካት ትቆይ» አሉኝ።

ሴት ስለሆነች በሴት አንቀጽ አዘዝኳት፤ «ነይ»፣ «እንኪ»፣ «ልቀቂ»። ከሬክስ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር የማሠራቸው። «እንካ» ስል ሬክስ ይሮጣል፣ ቡኒ ቁጭ ትላለች። «እንኪ» ስል ቡኒ ትሮጣለች፣ ሬክስ ይቀመጣል። ለውሻ ተራ መጠበቅ ከመዝለል ይከብዳል፤ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሚስስ ቬራ ሥራቸው ከሬክስ ጋር ብቻ ስለነበር የቃሉን ልዩነት ልብ አላሉትም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው አልመሰለኝም።

የትልቁ ውድድር ሳምንት ሬክስ ብርጭቆ ረገጠና መዳፉ ተሰፋ። ሚስስ ቬራ «ቡኒን አስገባታለሁ» አሉ። ልቤ ዘለለ። «እኔ ልወርውርላት፣ ማም፤ እኔን ነው የለመደችው» አልኩ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ሁለት ቀን ተለማመዱ፤ እሳቸው ሲወረውሩ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቃሉን እጠራ ነበር። ቡኒ አንድም አልሳተች።

ውድድሩ የአንድ ትምህርት ቤት የራግቢ ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳው በየአሥር ሜትሩ በኖራ መስመር ተከፍሏል። ውሻው በራቀ መስመር ላይ ሲቀልብ ነጥቡ ይበዛል፤ አራት እግሩ አየር ላይ ከሆነ ይጨመርለታል። ለአንድ ዙር ስልሳ ሴኮንድ ነው፤ ሁለት ዙር አለ። እኔና ሲፎ ከገመዱ ውጪ ቆምን።

ሚስስ ቬራ እንደ ሁልጊዜው አሳምረው ወረወሩ። «እንካ!» ብለው ጮኹ።

ቡኒ ቁጭ አለች። ጆሮዋን አቁማ ግራና ቀኝ አየች። ሬክስን እየፈለገች ነበር። «እንካ!» አሉ እንደገና፣ ጮክ ብለው። ቡኒ ይበልጥ አደብ ገዝታ ተቀመጠች። ተመልካቹ ሳቀ። በስንተኛው «እንካ» ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ የዳኛው ፊሽካ ተነፋ። ዜሮ።

እኔ ነገሩን የተረዳሁት በመጀመሪያው ጩኸት ነው። ግን ከውጪ ውሻን መጥራት ያስቀጣል፤ አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

ሚስስ ቬራ ፊታቸው ቀልቶ ወጡ። «ይህች የመንገድ ውሻ ሰው ስታይ ደነገጠች። ከሁለተኛው ዙር አስወጣታለሁ» አሉ።

«አልደነገጠችም፣ ማም። አልተሳሳተችምም። እርስዎ የጠሩት ሬክስን ነው» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። «በአማርኛ ለወንድ እንካ ነው፤ ለሴት እንኪ። ቡኒ እንካ ሲባል የሬክስ ተራ መሆኑን ተምራለች። ቁጭ ያለችው ስለታዘዘች ነው።»

«ለሁሉም አንድ ቃል የላችሁም?»

«የለንም። እንዲያውም ሦስተኛ አለ። ለምናከብረው ሰው እንኩ እንላለን።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁኝ። «እንኪ ብዬ ብጠራት፣ ለእኔም ትሮጣለች?»

ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «አይ፣ ድምፄን ካልሰማች አትሮጥም» ብል ማንም አያጣራም፤ የምወረውረውም እኔ ነኝ። ይህን በወረቀት ላይ የምጽፈው ስላሰብኩት ነው። ግን ቡኒ ስትታዘዝ ሰው ስቆባታል። በውሸት ደግሜ ላስወቅሳት አልቻልኩም።

«ትሮጣለች፣ ማም» አልኩ።

ሲፎ በብስጭት «አይቦ!» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ሚስስ ቬራ ቡኒን አዩ። እሷ አሁንም ተራዋን እየጠበቀች ነበር። «ውሻው ከሳተ ጥፋተኛው ማነው ነበር የምለው?» አሉኝ።

«ወርዋሪው።»

ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ሄዱ። ዳኛው በሁለት ዙር መካከል ወርዋሪ መቀየር እንደሚቻል፣ ዜሮው ግን እንደማይነሳ ነገራቸው። ቅጹ ላይ ስማቸውን በእስክሪብቶ ሰረዙ። ከዚያ ቀና ብለው ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ። ስድስት ዓመት ሠርቼላቸው ስሜን ጽፈው አያውቁም ነበር። ፊደል በፊደል ነገርኳቸው።

ተራችን ሲደርስ ሚስስ ቬራ ገመዱን በአንድ እጃቸው አነሱልኝ። በሌላኛው ዲስኩን ዘረጉልኝና «እንኩ» አሉኝ።

አነጋገራቸው ጎርበጥ ያለ ነበር። ቃሉ ግን ትክክል ነበር። እንባዬ መጣ፤ ፀሐይ እንደወጋው ሰው ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ገባሁ።

የመጀመሪያውን ቅርብ ወረወርኩ። «እንኪ!» ቡኒ ስሟ የተጠራ ያህል ተፈተለከች፤ ቀለበች፤ «ነይ»፣ መጣች፤ «ልቀቂ»፣ ለቀቀች። ሁለተኛው ራቀ። ሦስተኛው ከዚያ ራቀ። የመጨረሻው ሲወጣ ፊሽካው ሊነፋ ነበር፤ ዲስኩ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ሄደ፣ ቡኒ መጨረሻው መስመር ላይ አራት እግሯን አንስታ ያዘችው፣ በአራቱም እግሯ አረፈች። ሲፎ ከገመዱ ውጪ በዙሉ የጮኸውን እስከ ዛሬ አልተረጎመልኝም።

በድምሩ ሰባተኛ ወጣን፤ ዜሮው ጎትቶናል። በሁለተኛው ዙር ግን ከእኛ የበለጠ ነጥብ ያመጣ አልነበረም። ኮራሁ። አሁንም ሳስበው እኮራለሁ። ያን ቅጽ ዳኛውን ለምኜ ወሰድኩት፤ ቤሪያ ሰፈር ያለው ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ዛሬ የግቢው ዋና አሰልጣኝ ነኝ። ሲፎም ይወረውራል፤ ሁለት ዋንጫ አለው፣ በየቀኑ ያስታውሰኛል። ከዛንድስፕሩትና ከዳቬይተን ሰፈሮች የመጡ አዳዲስ አሰልጣኞች አሉን፤ ሴትና ወንድ አንቀጽ ላስተምራቸው ሞክሬ ተውኩት። አሁን የውሻውን ስም እናስቀድምና ለሁሉም «እንኪ» እንላለን።

ባለፈው ውድድር አጎቴ ሱልጣን ሊያዩ መጡ። ከገመዱ ውጪ፣ ከውሾቹ ራቅ ብለው ቆሙ። «ከድር፣ ይሄን የሚያክል ወንድ ውሻ እንኪ ይባላል?» አሉኝ።

«ቅር አላለውም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ስልካቸው ጮኸ፤ ከወራቤ ነበር። «ከድርማ አለ፣ ስፖርት ውስጥ ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ ሲናገሩ አልቀለዱም።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ብቻ ነው። ውሻው ቁጭ ካለ፣ ከመቆጣትህ በፊት ማንን እንደጠራህ አስታውስ።