የእናቴ አደራ በሜልተን ባቡር

አሁን ካፌ በሆነው የእናቴ ሱቅ በር ስገባ አፍንጫዬን የመታው የቡና ሽታ አልነበረም፤ የበርበሬ ነበር። ወለሉን ፍቀው፣ ዘይት ቀብተው እንደ መስታወት አብለጭልጨውታል፤ በግራ በኩል ጥጉ ላይ፣ የበርበሬው ጆንያ ይቀመጥ የነበረበት ቦታ ግን ሳንቃው የጠጣውን አልተፋም። ከእኔ በቀር ሽታውን ለይቶ ያወቀ አልነበረም፤ ጥጉ ላይ የተቀመጡት ባልና ሚስት ግን ደጋግመው ያስነጥሱ ነበር። ደስ አለኝ።

ቀና ስል ግድግዳውን አየሁት። እናቴ አረንጓዴ ቀብታ ስሟን በቢጫ ያጻፈችበት ግድግዳ ቀለሙ ተልጦ፣ ከሥሩ የአንድ የቅኝ ግዛት ዘመን ሻይና ስኳር ነጋዴ ስም ወጥቷል። ሰው ከሥሩ እየቆመ ፎቶ ይነሳል። አጠገቡ በመስታወት የተሸፈነ ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ነጋዴው ፊት ለፊት ካለው ጣቢያ ሻይ፣ ስኳርና ዱቄት በባቡር ወደ ምዕራብ ይልክ እንደነበር፣ ደንበኞቹ በየጣቢያው ወጥተው ይቀበሉት እንደነበር፣ ያ ዘመን እንዴት ያለ የመተማመን ዘመን እንደነበር ይተርካል። አንብቤ ስጨርስ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እናቴም የሠራችው ይህንኑ ነው፤ ከዚሁ ሱቅ፣ በዚሁ ሐዲድ። እሷን ግን ከጣቢያው አባረዋታል።

ሱቁ እዚህ በሰው አገር፣ ፉትስክሬይ ከሚባለው ሰፈር አለፍ ብላ ያለች ትንሽ ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ያኔ ብዙ ሐበሻ ቤት ርካሽ ነው እየተባለ ከከተማው ዳር ወዳለችው ሜልተን መግባት ጀምሮ ነበር፤ እዚያ ደግሞ በርበሬም ሽሮም የሚሸጥ አልነበረም። እናቴ፣ ሰፈሩ እትዬ ዘነበች የሚላት፣ መኪና አትነዳም። መላው ግን አልጠፋትም፤ አገር ቤት ሰው በመንገደኛ እጅ ዕቃ የሚልክበትን ልማድ እዚህ አመጣችው። ከሜልተን ሲደወልላት ዕቃውን በፌስታል ቋጥራ ፕላትፎርም ላይ ትወጣለች፣ ባቡሩ ቆሞ በሩ ሲከፈት የሐበሻ ፊት ትፈልጋለች፣ ያገኘችውን ገብታ እያገላበጠች ትስመዋለች፣ ፌስታሉን ታስታቅፈዋለች፣ «አደራ የኔ ልጅ፣ ሜልተን ላይ እትዬ አስካለ ቆመው ይጠብቁሃል» ትለውና በሩ ሳይዘጋባት ዘላ ትወርዳለች። ስም ጠይቃ አታውቅም፣ የጠፋባት ዕቃም አልነበረም። እኔ በልጅነቴ ባቡር የተሠራው ለበርበሬ፣ ሰዎቹም የሚሳፈሩት በርበሬውን ለማጀብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ያዘዙትን በርበሬ ይዛ ወጣች። በሩ አጠገብ አንድ ወጣት ተቀምጧል፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው ቁርጥ የኛ። ሐበሻ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ለእናቴ ነውር ነበር፣ የገዛ ወንድምን የማን ነህ እንደ ማለት። ሳመችው፣ አስታቀፈችው፣ አደራዋን ተናግራ ወረደች። ልጁ ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ከየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ አማርኛ እንደማይሰማ ብቻ ነው ኋላ የገባን። ትልቅ ሰው እምቢ ማለት አፍሮ መሆን አለበት። በሚቀጥለው ጣቢያ ፌስታሉን ወንበሩ ላይ ትቶት ወረደ።

ባለቤት የሌለው ፌስታል፣ ውስጡ ቀይ ዱቄት። ባቡሩ ቆመ፣ ሰው ሁሉ እንዲወርድ ተደረገ፣ ፖሊስ ተጠራ፤ አንዱ ፖሊስ ጠጋ ብሎ አሸተተውና ለብዙ ጊዜ ዓይኑን መግለጥ አቃተው አሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ሜልተን ጣቢያ ላይ ባዶ ሐዲድ ሲያዩ ዋሉ፤ ክርስትናው በአልጫ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ ሱቅ ድረስ መጣ። ረጅም፣ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ ሰው ነበር፤ ድሮም ሲያየን ፊቱን ያጠቁርብን ነበር። ደንበኞች በቆሙበት ጣቱን እናቴ ላይ ቀስሮ፣ ባቡር የሰው መሄጃ እንጂ የአህያ ጀርባ አይደለም፣ ሁለተኛ ዕቃ ይዘሽ ፕላትፎርም ብትወጪ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አህያውን ዘልዬ የቀረውን ነገርኳት፤ እሷ ግን የዘለልኩትን ከፊቱ አንብባዋለች።

«በያቸው» አለችኝ፣ ያንን ሰው አንቱ ብላ፣ «ልጁን ሳልጠይቀው መስጠቴ ጥፋት ነው። ግን አደራ ነው፣ ሰው አምኜ ነው የላክኩት በያቸው።»

ነገርኩት። ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ሰውየው ሞቶም ከሆነ ነፍስ ይማር አልልም።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ፕላትፎርም አልወጣችም። የሜልተን ሰዎች ዕቃ በመኪና የሚያደርስላቸው ሌላ ሱቅ ፈለጉ፣ ክረምቱ ሳያልቅ ሱቃችን ተዘጋ፣ እሷም ቢሮ ማጽዳት ገባች። እንደዚያ እየሳቀች ስትሮጥ ዳግመኛ አላየኋትም።

ዛሬ እሷም ሜልተን ነው የምትኖረው። ሱቁ የድሮ ታሪክ የሚሰቀልበት ካፌ ሆነ ሲባል ሰምታ ከአልበሟ አንድ ፎቶ አውጥታ ሰጠችኝ፤ አረንጓዴው ግድግዳ ሥር ፌስታል በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። «ስጪያቸው፣ ይስቀሉት። እኛም እዚያ ነበርን» አለችኝ። ቂም አታውቅም፤ የእሷን ድርሻም የያዝኩት እኔ ነኝ።

ግድግዳው ላይ ማፍጠጤን ያየው የካፌው ባለቤት፣ ጢሙን ያበጠረ ወጣት፣ መጥቶ ስለዚያ ነጋዴ እንደ ገዛ አያቱ አወራልኝ። አረንጓዴው ቀለምስ አልኩት።

«እሱማ አልለቅ ብሎ አስቸግሮን ነበር» አለ። «ከሥሩ ግን እውነተኛው ታሪክ ወጣ።»

ቀጥሎም የሰፈሩ የድሮ ፎቶ ያለው ሰው ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ፎቶው ላይ ነበር። አላውቅም አልኩት።

ወጥቼ የሜልተንን ባቡር ያዝኩ። ሁሉም ስልኩ ላይ አጎንብሷል፣ የኛም ልጆች አሉበት፤ ፌስታል ባስታቅፋቸው እንደዚያ ልጅ እንኳ ፈገግ የሚሉ አይመስለኝም። እናቴ በዚህ መስመር ከላከችው አደራ ሁሉ ሳይደርስ የቀረው ሁለት ብቻ ነው። አንዱን የማናውቀው ልጅ ወንበር ላይ ትቶት ወረደ፤ ሌላውን እኔ ይዤው እየተመለስኩ ነው። በሯ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፤ ሰቀሉት ወይ ስትለኝ ምን እንደምላት አላውቅም።