ሁለቴ የተመለሱ አምፑሎች

በሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጥበቃውም ሐኪሙም «እትዬ ቁልፍ» ነው የሚላት። ፋርማሲስት ሆና ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ ብርቱዎቹ የሕመም ማስታገሻዎች የሚቀመጡበት የብረት ሣጥን ቁልፍ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ከሣጥኑ አጠገብ ወፍራም መዝገብ አለ፤ ገጾቹ ቁጥር የተመታባቸው ናቸው፣ አንድ ቅጠል አይቀደድበትም። ተሳስቶ የተጻፈ አይፋቅም፤ አንድ መስመር ይሰመርበትና ከጎኑ ይፈረማል፣ ስህተቱም እየተነበበ ይኖራል።

ሕጉ ጥብቅ ነው፣ እሷ ደግሞ ከሕጉ ትብሳለች። አንድ ሙሉ የሞርፊን አምፑል፣ ያችን ትንሽ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ፣ የሚፈልግ ነርስ ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ያለፈውን ባዶ አምፑል ይዞ ይመጣል። ባዶው ከሌለ ሙሉው የለም። አንድ ቀን የመብራት ሠራተኛው በመስኮቷ ቆሞ ይህን ቢያይ፣ «የኮሪደሩ አምፑል ተቃጥሎ አዲስ ስጡኝ እያልኩ ስመላለስ ወር ሞላኝ፤ እዚህማ ባዶውን ማምጣት ብቻ ነው እንዴ!» ብሎ አስቋታል። በዚያ መስኮት ላይ ስትስቅ ከታየችባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነበር።

ይህቺ ደረቅ ሴት የምትላላው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ታናሽ እህቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጇን ወስዳ አሳደገች። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ያላትን ሁሉ በልጅቷ ላይ አዋለች። ልጅቷም «እማ» እያለቻት አደገች፣ ነርስ ሆነች፣ እዚያው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደበች። የተመደበች ዕለት እትዬ ቁልፍ ከደስታዋ ብዛት መደመር አቅቷት አንዱን ገጽ ሦስቴ ሠራችው።

ጥፋቱም የገባው በዚሁ በኩል ነው። ባዶ አምፑሎች በካርቶን ይጠራቀሙና በየወሩ መጨረሻ ግቢው ጥግ ወዳለው ማቃጠያ ይወሰዳሉ። ሁለት ሰዎች ቆመው፣ ሲሰባበሩና እሳት ሲገቡ በዓይናቸው አይተው፣ «በፊቴ ተወግዷል» ብለው ይፈርማሉ። ማቃጠያው ዘንድ ለመድረስ አርባ ደረጃ መውረድ ነው፣ መመለሻው አርባ መውጣት። አምና ጉልበቷ ሲከዳት ልጅቷ፣ «እማ፣ አንቺ አረፍ በይ፤ እኔ አደርሰዋለሁ» አለቻት። ለባዶ ብልቃጥ ማን ይጨነቃል? እትዬ ቁልፍ ከወንበሯ ሳትነሳ «በፊቴ ተወግዷል» ብላ ፈረመች፣ ልጅቷም ከሥሯ። የሚቀጥለውም ወር እንደዚያው። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ የላከቻቸው ስድስት ባዶ አምፑሎች ከቀዶ ሕክምና ክፍል መጡ። እትዬ ቁልፍ መነጽሯን ገና መቀየሯ ነበርና ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ አምፑሉ ላይ ያለችውን ቅንጣት ጽሑፍም አነበበች። የምርት ቁጥሩን አየች፣ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች። ያ ቁጥር ያለበት የመጨረሻው አምፑል ከሣጥኑ የወጣው ከአራት ወር በፊት ነው። ባዶውም ተመልሷል፣ ተቆጥሯል፣ ተወግዷል ተብሎ ተፈርሞበታል።

ሌሎቹን አምስቱን አገላበጠች። ሦስቱ እንደዚያው ናቸው። እሳት የገባ ብርጭቆ ተመልሶ አይመጣም፤ እንግዲያው እሳት አልገባም። አሮጌ ባዶ ያመጣ ሰው ደግሞ ሙሉውን ለበሽተኛው አልሰበረውም፣ እንደታሸገ ይዞት ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ስታስብ ያላሰበችው ሁሉ ተግተልትሎ መጣ፦ በዚህ ሙቀት እስከ አንጓ የሚደርሰው የልጅቷ እጅጌ፣ ቤት ስትገባ የምትቆልፈው የመታጠቢያ ቤት፣ እራት ላይ ኩርምት ብላ የምታንቀላፋው ነገር። «ሥራ በዝቶባት ነው» እያለች ብርድ ልብስ ስታለብሳት ነበር የከረመችው። ሞኝነቷ አንገበገባት።

አራት ሰዓት ላይ ልጅቷ ራሷ ሙሉዎቹን ልትወስድ ትሪ ይዛ መጣች።

«እማ፣ ምነው ፊትሽ?»

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከክፍል ነዋ።»

«ይሄ ከአራት ወር በፊት ተቃጥሏል።»

ልጅቷ አምፑሉን አየችው፣ መዝገቡን አየችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ተቃጥሏል ብሎ የፈረመው ማነው?» አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እትዬ ቁልፍን ያስፈራት ይኸው እርጋታዋ ነው።

«እኔ ብወድቅ ብቻዬን አልወድቅም፣ እማ። ፊርማሽ እዚህ ነው። መዝገቡ እንደሆነ አንድ አይጎድለውም፤ ዝም ካልሽ ማንም አያውቅም። ከዛሬ ጀምሬ እተወዋለሁ፣ እናቴ ትሙት!»

«እናትሽ ሞታለች» አለች እትዬ ቁልፍ። «በሽተኞቹን ምን ስትወጊያቸው ነበር?»

ልጅቷ፣ «ሙሉዎቹን ስጪኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ብላ ትሪውን ገፋ አደረገችው።

ዝም ማለት ቀላል ነበር። አራቱን ብልቃጦች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መጣል ብቻ ይበቃል፤ ድምሩ ልክ ነው፣ ልጇም ልጇ ሆና ትቀራለች። እትዬ ቁልፍ ይህን አሰበች፣ እውነቱን ለመናገር ደጋግማ አሰበች። ከዚያ ስድስት ሙሉ አምፑሎች ቆጥራ አወጣች፣ ሣጥኑን ቆለፈች። «ዛሬ እኔ ነኝ የማደርሰው» አለችና ባልተሻለው ጉልበቷ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወስደውን ደረጃ ወጣች። ልጅቷ ትሪውን ይዛ ከኋላ ከኋላዋ መጣች።

መጀመሪያ የደረሱት የአንድ ድንጋይ ጠራቢ አልጋ ዘንድ ነው። እግሩ ከተቆረጠ ዘጠኝ ቀኑ ሲሆን፣ እንቅልፍ የነሳቸው ጎረቤቶቹ «ጯሂው» የሚል ስም አውጥተውለታል። አንሶላውን ነክሶ ይንቀጠቀጣል። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አምፑሉን ከእትዬ ቁልፍ እጅ ተቀብላ፣ እዚያው ሰብራ፣ ራሷ ወጋችው። ሁለቱ አልጋው አጠገብ፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ትንሽ ቆይቶ መንጋጋው ላላ፣ ጣቶቹ አንሶላውን ለቀቁ።

«ሲስተር፣ መድኃኒቱን ቀየራችሁት?» አለ።

«ኧረ ያው እስከ ዛሬ የምንሰጥህ ነው።»

ሰውዬው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አፈረ። «እንግዲያው እኔ ነኝ ልፍስፍሱ። ሰው የሚችለውን ሕመም መቻል አቅቶኝ ሰፈሩን ስበጠብጥ ከረምኩ። ይቅር በሉኝ።»

«ልፍስፍስ አይደለህም» አለች እትዬ ቁልፍ። ድምጿ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሌሎቹም በሽተኞች ዞረው አዩአት። «ሲወጉህ የከረሙት ውሃ ነው። መድኃኒትህ ሲሰረቅ፣ ሳላይ አየሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ሲስተሯ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። በሩ ላይ የልጅቷ ትሪ ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ፤ ከዚያ የእግሯ ኮቴ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

«ታዲያ ስጮህ ልክ ነበርኩ» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑም ተከደነ።