ባሌ ለፈረስ አለቀሰ

ባሌ ከድር ዛሬ አለቀሰ። ደህና ነን፣ ማንም አልሞተብንም። ያስለቀሰው ፊልም ላይ ያለ ፈረስ ነው።

ጠዋት እዚሁ ቡታጅራ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ወድቄ ቤት ስገባ ምን አለኝ?

«ተይው በቃ፣ መኪና ላንቺ አልተፈጠረም።» ይህን ብሎ ምሳውን በላ። አጽናኝ ማለት እንዲህ ነው!

ከዚያ ፊልም ከፈተ። ባለታሪኩ ከሲታ የውድድር ፈረስ ነው፤ ሁሌ መጨረሻ ይወጣል፤ ባለቤቶቹም ሊሸጡት ነው።

ከድር ከሶፋው ተነሳ። «እንዴት ተስፋ ይቆርጡበታል? ወላሂ ግፍ ነው! አይዞህ የኔ አንበሳ!» እያለ እንባውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። (አንበሳ የሚለው ፈረሱን ነው።)

ሄጄ ፊልሙን አቆምኩት።

«ምነው ሀያት? ሊያሸንፍ እኮ ነው!»

«እስካሁን ስንቴ ተሸነፈ?»

«ብዙ ጊዜ! ግን የሚያምንበት ሰው ስላገኘ...»

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«እሺ፣ ለቀጣዩ ፈተና እኔው አለማምድሻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። ቀጠለና፣ «አሁን ክፈቺው በአላህ፣ መጨረሻውን ልየው።»

ፈረሱ አሸነፈ። ከድርም እንደገና አለቀሰ።

እናንተስ ቤት፣ ለእናንተ የተነፈገው እንባ ለማን ፈሰሰ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።