ስም ጥሪ በድንኳኑ ደጃፍ

ያንን እሑድ ሳስታውስ ዛሬም ልቤ ድው ድው ይላል! አዲሱ ሕገ መንግሥት ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው ካለ ገና ብዙም አልቆየም። የካ ሚካኤል ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ፣ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ሜዳው ጢም ብሏል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ጴንጤዎች ከእድሩ ይውጡ ወይስ አይውጡ።

ጉዳዩን ያመጣው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። «ከመናፍቅ ጋር አንድ ድንኳን አልቀመጥም፣ ሬሳቸውንም አልሸኝም» እያለ ቤት ለቤት ሲቀሰቅስ ከርሟል። እኔ የሚካኤል ልጅ ነኝ፤ እናቴ ግን ጴንጤ ሆናለች። ያውም ልቧን ታማ አልጋ ይዛ ከርማ፣ ተሽሏት የተነሳችው ገና ሰሞኑን ነው። ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃት «ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደጃችንን የሚረግጥ ዘመድ የለንም፤ ያለን እድሩ ነው።

ሰውዬው ተነስቶ ተናገረ። ኧረ ምን ተናገረ፣ አምባረቀብን እንጂ! ሊቀመንበሩ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ቢሉ ከጓደኞቹ በቀር ያወጣ የለም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው እኛ ወጣቶቹ ተነሳን። «እንዲህ የሚል ሰው ራሱ ይሰረዝ! ይውጣልን!» እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ደስ ሲል! እስካሁንም ጥፋት አይመስለኝም።

ይኼኔ እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች።

«እሱ ከወጣ፣ እሱንስ ማን ይቀብረዋል?» አለች። «ያሻውን ይመን። መናፍቅ ይበለኝ፣ ለምጄዋለሁ፤ አፉን አልዘጋም። ቀብር መቅረት ግን የለም! ስሙ ሲጠራ እንደማናችንም አለሁ ይበል። እምቢ ብሎ ከቀረ፣ ያኔ እኛ አላስወጣነውም፤ ራሱ ወጣ።»

ሊቀመንበሩ «እትዬ፣ እርስዎ ጨረሱት እኮ!» ሲሉ ሜዳው በጭብጨባ ቀለጠ። ልብስ ሰፊው ኮቱን አንስቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጴንጤ ጎረቤታችን አረፉ። እናቴን ተኚ ብላት ማን ሊያስቆማት! እጄን ይዛ ድንኳኑ ደጃፍ ቆመች። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል፤ ቀብርተኛውን የሚወስደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። የእድሩ ጸሐፊ ስም መጥራት ጀመረ። የልብስ ሰፊው ስም ሲደርስ አንገቴን አስግጌ ፈለግኩት። መልስ የለም። ጸሐፊው ደግሞ ጠራ።

«አለሁ!» የሚል የቁጣ ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ዞር ስንል ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሮ ቆሟል። ጴንጤዎቹ መዝሙር ሲያነሱ ሁለቱንም ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። አስከሬኑ ሲወጣ ግን ከሁሉም ቀድሞ፣ እንደተኮሳተረ፣ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

እናቴ ልቅሶ ቤት መሆናችንን ረስታ ሳቀች። እጄን ልትሰብረው ነው። «ሰማሽ? አለሁ አለ እኮ!»

«ኧረ እማዬ፣ ሰው ያየናል!» እላለሁ፣ እኔም ልዘል ምንም አልቀረኝ።

«ይየን» አለችኝ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እንግዲህ እንደ ልቤ መሞት እችላለሁ።»